ለተሰጠ ኃይል የሚከፈል ዋጋ፦ በሜካና በኢሴካይ ወዳጆች ክርክር ላይ



ዛሬ የምናገረው የአኒሜ ተመልካቾች በተሰበሰቡበት ሁሉ ሳይነሳ ስለማይቀር ክርክር ነው። አንዱ ወገን ሜካ ይወዳል፤ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚያንቀሳቅሰው ግዙፍ ሮቦት ያለበትን ታሪክ ማለት ነው። ሌላው ወገን ኢሴካይ ይወዳል፤ ተራ ሰው ከሚኖርበት ዓለም ተነጥቆ፣ ወይም ሞቶ ዳግም ተወልዶ፣ ኑሮውን በሌላ ዓለም የሚጀምርበትን ታሪክ። ሁለቱ ሲገናኙ ወሬው በሰላም ይጀመራል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ክስ ይሆናል።

የሜካ ወዳጅ ክሱን ሲያቀርብ እንዲህ ይላል፦ ኢሴካይ ከኑሮ መሸሻ ነው። ትናንት ምንም ያልነበረውን ሰው የጭነት መኪና ይገጨዋል፤ ሲነቃ ማንም የማይችለው ጉልበት አግኝቷል፤ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ያደንቀዋል፤ እሱ ግን ለዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳን አልለፋበትም። የኢሴካይ ወዳጅም ዝም አይልም፦ ሜካ የአሻንጉሊት ማስታወቂያ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ጠላት ይመጣል፣ ሮቦቱ ያሸንፈዋል፣ በማግስቱ ሮቦቱ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ብረት እንጂ ሰው የለበትም።

ሁለቱም ክሶች እውነት አላቸው። ችግሩ ሁለቱም የተሰነዘሩት በተቃራኒው ወገን ደካማ ሥራዎች ላይ መሆኑ ነው። ከሳሹ የራሱን ወገን በምርጦቹ፣ የሌላውን ደግሞ በተራዎቹ ይመዝናል። በዚህ ሚዛን ማንም ቢከራከር ማሸነፉ አይቀርም፤ የሚማረው ነገር ግን የለም።

እኔ ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው። ሜካና ኢሴካይ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ያልመረጠው ቦታ ላይ የቆመ፣ ያልለፋበት ኃይል በእጁ የገባ ሰው ለዚያ ኃይል ምን ይከፍላል? ሜካ ኃይሉን በብረት አካል ይሰጣል፤ ኢሴካይ በአዲስ ሕይወት። ሁለቱንም የምንመዝንበት ሚዛን ሮቦቱ ወይም ሌላው ዓለም ሳይሆን ዋጋው መሆን አለበት እላለሁ። ይህንንም ከታሪካቸው ላሳያችሁ እሞክራለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሜካ ልጀምር። በ1956 ሚትሱቴሩ ዮኮያማ ቴትሱጂን 28 የተባለውን ማንጋ ማውጣት ጀመረ። በታሪኩ ውስጥ ሮቦቱ የታሰበው ለጦር መሣሪያነት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ሾታሮ በተባለ ልጅ እጅ ይገባል። ልጁ ሮቦቱ ውስጥ አይገባም፤ ውጭ ቆሞ በሪሞት ያዘዋል። ሪሞቱ የወንበዴ እጅ ከገባ ያው ሮቦት ለወንበዴው ይታዘዛል። ኃይሉ በራሱ ደግም ክፉም አይደለም፤ የሚወስነው የያዘው እጅ ነው። ጃፓን ከተሸነፈች ገና 11 ዓመቷ ነበርና ይህ ሐሳብ ለልጆች በቀረበ ታሪክ ውስጥ መገኘቱ አይገርምም።

በ1972 ጎ ናጋይ ማዚንገር ዜድን ይዞ መጣ። አሁን ልጁ ከሮቦቱ ውጭ መቆሙ ቀረ። ኮጂ ካቡቶ ሮቦቱ ራስ ላይ በምትገጠም ትንሽ በራሪ መሣሪያ ውስጥ ተቀምጦ ይዋጋል። ይህ ለውጥ የሥዕል ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ዘውጉን በሙሉ የወለደው እሱ ነው። ሮቦቱ ሲመታ ውስጡ ያለው ልጅ ይናወጣል፤ ሮቦቱ ሲገድል የገደለው ልጁ ነው። በኃይሉና በባለቤቱ መካከል የነበረው ርቀት ጠፋ።

ይህ የርቀት መጥፋት ምን እንደሚያስከትል እስከ ጥጉ የሄደበት ሥራ በ1979 በዮሺዩኪ ቶሚኖ ዳይሬክተርነት የተላለፈው ሞባይል ሱት ጉንዳም ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ጠጋ ብለን እንየው። ልጁ አሙሮ ሬይ ይባላል፤ ዕድሜው 15 ነው፤ የሚኖረው በጠፈር ላይ በተገነባ የሰፈራ ከተማ ውስጥ ነው። በጊዜው እየተካሄደ ካለው ጦርነት መጀመሪያ አንስቶ ከሰው ልጅ ግማሽ ያህሉ አልቋል። የጠላት ወገን የሆነው የዚዮን ወታደሮች ዛኩ በሚባሉ ሮቦቶች ሰርገው ገብተው ከተማዋን ማጥቃት ይጀምራሉ። የጓደኛው የፍራው ቦው እናትና አያት በፍንዳታ ይሞታሉ። አሙሮ በግርግሩ መካከል የአዲሱን ሮቦት የአሠራር መመሪያ ያገኛል፤ ሮቦቱ ውስጥ ገብቶም መመሪያውን እያነበበ ለማስነሳት ይታገላል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስተውሉ። አሙሮ አንደኛውን ዛኩ በሚያንጸባርቀው ሰይፉ ይቆርጠዋል። የዛኩ ሞተር ይፈነዳል፤ ፍንዳታው የከተማዋን ግድግዳ ይበሳዋል፤ አየሩ በቀዳዳው ወደ ጠፈር መውጣት ይጀምራል። ከሚወጣው አየር ጋር ከተጠረጉት አንዱ ሮቦቱን የሠራው የአሙሮ አባት ነው። ልጁ ይህን አላየም። የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ ካፈነዳው ከተማዋ ታልቃለች። ስለዚህ ሞተሩን ትቶ አብራሪው የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ መውጋት አለበት። በሌላ አነጋገር ማሽኑን ሳያፈነዳ ሰውየውን ለይቶ መግደል አለበት። ይወጋዋል። ዘውጉ እስከዚያ ቀን ድረስ ድል ብሎ የሚያሳየን ነገር በዚህች አንዲት ውሳኔ ስሙ ተለወጠ። ልጁ ኃይሉን ባገኘ በደቂቃዎች ውስጥ አባቱን አጥቷል፣ ነፍስም አጥፍቷል።

ዕዳው በዚህ አያበቃም። በ13ኛው ክፍል አሙሮ ምድር ላይ የምትኖረውን እናቱን ፍለጋ ይሄዳል። ሲገናኙ የጠላት ወታደሮች ይመጣሉ፤ ልጁ ራሱን ለማዳን በአንዱ ላይ ይተኩሳል። እናትየው ትደነግጣለች፤ የደነገጠችው በወታደሩ ሳይሆን በልጇ ነው። ያሳደገችው ለስላሳ ልጅ ሰው ላይ ሲተኩስ ታያለች። አሙሮም እናቱን ትቶ ወደ መርከቡ ይመለሳል። ሜካን ብረት ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ክፍል አይቶ ይፍረድ።

ከጉንዳም በኋላ ዘውጉ በየአቅጣጫው ተዘረጋ። በ1982 የወጣው ማክሮስ ጦርነትን ከዘፈንና ከፍቅር ጋር አገናኘ፤ አኒሜተሩ ኢቺሮ ኢታኖ በአየር ላይ እየተጥመዘመዙ የሚያሳድዱ ሚሳይሎችን የሳለበት መንገድ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1995 በጀመረው የሂዴአኪ አኖ ኢቫንጌሊዮን ውስጥ ደግሞ የ14 ዓመቱን ሺንጂን ወደ ሮቦቱ የሚያመጣው ጀግንነት አይደለም፤ ጥሎት የነበረው የአባቱ ጥሪ ነው። በ2022 የጀመረው የሜርኩሪዋ ጠንቋይ ከዋናዎቹ የጉንዳም የቴሌቪዥን ተከታታዮች ሴት ልጅ ዋና ባለታሪክ የሆነችበት የመጀመሪያው ሲሆን፣ እናት ለልጇ የሰጠችው ኃይል ስጦታ ነው ወይስ ሰንሰለት ብሎ ይጠይቃል። አርባ ዓመት አልፎም ጥያቄው ያው የዋጋ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ኢሴካይ ልሻገር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላል ያገራችን ሰው። ኢሴካይ የቆመው በዚህ ተቃራኒ ላይ ነው፤ ሰው ጨርሶ ያላየውን አገር ሊናፍቅ እንደሚችል አምኖ ይነሳል። ሥሩም ሩቅ ነው። ጃፓኖች ከሺህ ዓመት በላይ ሲያወሩት የኖሩት የኡራሺማ ታሮ ተረት አለ። ዓሣ አጥማጁ አንዲት ኤሊ ከመከራ ያድናል፤ ለውለታው ባሕር ሥር ወዳለ ቤተ መንግሥት ይወሰዳል። ጥቂት ቀን በደስታ ከርሞ ወደ መንደሩ ሲመለስ 300 ዓመት አልፎ ያገኘዋል፤ የሚያውቀው ሰው የለም። እንዳይከፍተው አደራ የተባለውን ሣጥን ሲከፍት በቅጽበት ያረጃል። ሌላ ዓለም ገብቶ የተደሰተ ሰው ለዚያ ደስታ ዕድሜውንና አገሩን ከፈለ። የኢሴካይ አያት የሆነው ተረት ዋጋውን አልረሳም።

በ1990ዎቹ የወጡት ሥራዎችም አልረሱም። የፉዩሚ ኦኖ 12ቱ መንግሥታት የተባለው ልቦለድ በ1992 ጀምሮ በ2002 አኒሜ ሆነ። ዮኮ የተባለችው ተማሪ ወደማታውቀው ዓለም ተወስዳ መጀመሪያ የሚያጋጥማት ዙፋን አይደለም፤ ረሃብ፣ መታደንና ክህደት ነው። ሁሉን ሰው ለማስደሰት ስትኖር የነበረች ልጅ፣ ማንን ማመን እንዳለባት ቁስሏ እያስተማራት፣ በመጨረሻ አገር የምትገዛ ሰው ትሆናለች። በዚያ ዘመን በብዙ ታሪኮች ጀርባ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁን? ብመለስስ የወደድኳቸውን ጥዬ እንዴት?

ለውጡ የመጣው ከኢንተርኔት ነው። በ2004 ሾሴትሱካ ኒ ናሮ የተባለ ድረ ገጽ ተከፈተ፤ ማንም ሰው ልቦለዱን በነፃ እየጻፈ የሚያስነብብበት ቦታ ነው። የቢሮ ሠራተኛው፣ ሥራ አጡ፣ ተማሪው ሁሉ ይጽፍበት ጀመር። በ2012 ሁለት ትልልቅ ሥራዎች እዚያ ተጀመሩ፤ ሙሾኩ ቴንሴይና ሪ ዜሮ። የመጀመሪያው ሥራ ባለታሪክ 34 ዓመቱ ነው፤ ከቤት ሳይወጣ የኖረ፣ ወላጆቹ ሲቀበሩ እንኳን ያልሄደ ሰው። ቤተሰቡ ከቤት አስወጥቶት በመንገድ ላይ ሳለ፣ መኪና ሊገጫቸው የነበሩ ወጣቶችን ሊያድን ገብቶ ይሞታል፤ በሌላ ዓለምም ሕፃን ሆኖ ይወለዳል። ይህ መንገድ ተወደደ፤ ተቀዳ፤ ከመቀዳቱ ብዛት የተነሳ በ2016 አንድ የጃፓን የአጭር ልቦለድ ውድድር የኢሴካይ ታሪክ አልቀበልም አለ፤ በ2017 ትልቁ አሳታሚ ካዶካዋም በአንድ ውድድሩ ላይ ይህንኑ ከለከለ። ኢሴካይ በዛ የሚለው ቅሬታ የሜካ ወዳጆች ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

የጭነት መኪናው ምን እንዳጠፋ በግልጽ መናገር አለብኝ። ባለታሪኩ ከሞተ መመለሻ የለውም። መመለሻ ከሌለው ናፍቆቱ ይቀራል፤ ከሁለቱ ዓለም አንዱን የመምረጥ ጭንቁም ይቀራል። ኡራሺማ የከፈለውን የሚከፍል የለም። በዚህ ላይ ወደር የሌለው ጉልበት በነፃ ሲጨመርለት ታሪኩ የሚቆምበት መሬት ያጣል። የሜካ ወዳጅ ክስ የሚያነጣጥረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ብዙዎቹ ሥራዎችም ልክ ነው።

ነገር ግን የተሻሉት ደራሲዎች በተዘጋው በር ፋንታ ሌላ ዋጋ አገኙ። በሪ ዜሮ ባለታሪኩ ሱባሩ የተሰጠው ኃይል ሲሞት በጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ነው። የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ነው፤ ለማንም መናገር አይችልም። ስለዚህ የሚወዳቸው ሰዎች ሲሞቱ ያያል፤ ተመልሶ ያገኛቸዋል፤ እነሱ ግን አብረው ያሳለፉትን አያውቁም። በ2016 የተላለፈው 18ኛው ክፍል ውጊያ የሌለው ነው ማለት ይቻላል። ሱባሩና ሬም የተባለችው ወዳጁ ቆመው ይነጋገራሉ፤ እሱ ሁሉን ትተን እንሽሽ ይላታል፤ እሷ እምቢ ትላለች። ከዚያ ልጁ ስለ ራሱ የሚያስበውን ሁሉ፣ ስንፍናውን፣ ባዶነቱን፣ ራሱን መጥላቱን አንድ ሳያስቀር ይዘረግፋል። ኢሴካይ መሸሻ ነው ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም፤ ባለታሪኩ ራሱ ለመሸሽ ሲለምን ታሪኩ ይከለክለዋል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የሚያ ካዙኪ የመጽሐፍ ወዳዷ ልጅ ታሪክ ነው፤ በዚያው ድረ ገጽ ከ2013 እስከ 2017 የተጻፈና በ2019 አኒሜ የሆነ። መጻሕፍትን ከምንም በላይ የምትወድ ወጣት፣ በመጻሕፍት ቤት ሥራ ልትጀምር ስትል፣ በመሬት መንቀጥቀጥ መጻሕፍት ተንደውባት ትሞታለች። ስትነቃ የ5 ዓመቷ ማይን ሆናለች፤ የአንድ ድሃ ወታደር ልጅ፣ በሽተኛ፣ ጥቂት ስትራመድ የምትደክም። በዚያ ከተማ መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ የሚጻፍ፣ የባለጠጎች ብቻ የሆነ ነገር ነው። ቤታቸው ውስጥ አንድ ገጽ እንኳን የለም።

ልጅቷ ራሴ እሠራዋለሁ ትላለች። የሣር ጭረት እየሸመነች እንደ ፓፒረስ ልታደርገው ትሞክራለች፤ ጣቷ ይደክማል፣ አይሆንላትም። ጭቃ ጠፍጥፋ ትጽፍበታለች፤ እሳት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። በእንጨት ፍልጥ ላይ ትጽፋለች፤ እናቷ ማገዶ መስሏት ታነደዋለች። እውቀት አላት፤ ግን ጡንቻ፣ ገንዘብ፣ መሣሪያና የሚያምናት ሰው የላትም። ወረቀት ለመሥራት የጎረቤት ልጅ የሉትዝ ጉልበት ያስፈልጋታል፤ ቀጥሎ የነጋዴው የቤኖ ገንዘብ፤ ቀጥሎም ውል፣ ዋጋና ድርድር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጣ እውቀት ብቻውን አንዲት ቅጠል ወረቀት አያወጣም።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ሉትዝ ቀስ በቀስ አንድ ነገር ይገባዋል፤ ይህች ልጅ አብራው ያደገችው ማይን አይደለችም። በንዴት ይጋፈጣታል፤ ማይንን የት አደረግሻት ብሎ ይጠይቃታል። እሷም እውነቱን ትነግረዋለች፤ እውነተኛዋ ማይን በትኩሳት ሞታለች። ስንት የኢሴካይ ታሪክ አይተናል፤ በሕፃን ገላ የተወለደ አዋቂ ስንት ጊዜ አይተናል፤ ያ ሕፃን ማን ነበር ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው? ይህ ሥራ ጠየቀ፤ ጥያቄውንም በአንድ ልጅ አፍ አስገብቶ ባለታሪኳ ፊት አቆመው። የአሙሮ እናት በልጇ ፊት የደነገጠችው ድንጋጤና የሉትዝ ንዴት ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ ኃይል ያገኘውን ሰው የሚወዱት ሰዎች፣ የማውቅህ አንተ የት ሄድክ ይሉታል።

ስለ ገንዘብ ሳላነሳ ብቀር ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል፤ ሁለቱንም ዘውጎች የሚቀርጻቸው ገንዘብ የሚከፍለው ወገን ነውና። የጉንዳም ዋና ስፖንሰር ክሎቨር የተባለ አሻንጉሊት ሠሪ ነበር። ተመልካቹ ስላነሰና አሻንጉሊቱ እንደታሰበው ስላልተሸጠ፣ 52 ክፍል እንዲሆን የታቀደው ተከታታይ በ43 ተቋጨ። ታሪኩን ያዳኑት በድጋሚ ሲታይ የወደዱት ወጣቶች ናቸው። ባንዳይ በ1980 ሐምሌ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴሉን በ300 የን ለገበያ አቀረበ፤ በ1981 ታሪኩ ፊልም ሲሆን በየካቲት ወር በቶኪዮ ሺንጁኩ በተዘጋጀው ስብሰባ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገኙ። እስከ ዛሬ የተሸጠው ሞዴል በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል። በ2009 በቶኪዮ ኦዳይባ 18 ሜትር የሚረዝም ጉንዳም ቆመ። የኢሴካይ ወዳጅ የአሻንጉሊት ማስታወቂያ ሲል የሚናገረው ይህን ነው።

የኢሴካይም ከፋይ ሌላ ነው እንጂ ከፋይ የለውም ማለት አይቻልም። ልቦለዱ በድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባል፤ አንባቢ ከበዛለት አሳታሚ በሥዕል አስጊጦ ያሳትመዋል፤ ከዚያ ማንጋ ይሆናል፤ ከዚያ 12 ወይም 13 ክፍል ያለው አኒሜ ይሠራለታል። አኒሜው ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሳያልቅ ይቆማል፤ ዓላማው ተመልካቹ የቀረውን በመጽሐፍ ገዝቶ እንዲያነብ ነውና። ርዕሶቹ የረዘሙትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ታሪኮች በተደረደሩበት ገጽ ላይ አንባቢ መጀመሪያ የሚያየው ርዕሱን ብቻ ነው። የሜካ አኒሜ ዛሬ በቁጥር ያነሰውም ሰው ስለጠላው ብቻ አይደለም። ብዙ መስመር ያለውን ሮቦት በእጅ መሳል ከባድ ሙያ ነው፤ ሙያተኛው እየተመናመነ፣ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ምስል እየዞረ ሄዷል። ስለዚህ አንዱ ወገን ሌላውን ለገበያ የተሠራ ብሎ መክሰሱ ብዙ አያራምድም። ቶሚኖ አሻንጉሊት እንዲሸጥለት በሚፈልግ ሰው ገንዘብ የአሙሮን እናት እንባ አሳየን። ሚያ ካዙኪ ሁሉም ሰው የጭነት መኪና በሚጽፍበት ገጽ ላይ የሉትዝን ጥያቄ ጻፈች። ጥበበኛ ሰው በተከፈለበት ሜዳ ላይ የራሱን ነገር ይሠራል።

አሁን ሁለቱ ዘውጎች ወንድማማች መሆናቸውን ላሳያችሁ። ከናንተ መካከል በዓረብ አገራት የኖራችሁ፣ ወይም የዓረብ የልጆች ጣቢያዎችን እያያችሁ ያደጋችሁ፣ ግሬንዳይዘርን ሳታውቁት አትቀሩም። በ1975 የጀመረው ይህ የጎ ናጋይ ሥራ ቤይሩት ውስጥ ወደ ዓረብኛ ተመልሶ በመላው የዓረብ ዓለም እጅግ ተወደደ፤ በ2022 ሪያድ ላይ ከ33 ሜትር በላይ የሚረዝም ሐውልት ቆሞለታል። ሜካ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ባለታሪኩ ዱክ ፍሊድ ግን ማን ነው? አገሩ የወደመችበት ልዑል፣ ከሌላ ፕላኔት ሸሽቶ ምድር ላይ የወደቀ፣ ስሙን ለውጦ በከብት እርባታ ቦታ የሚሠራ ስደተኛ ነው። ለእሱ ሌላው ዓለም የኛዋ ምድር ናት። ከአገሩ ይዞት የመጣው ብቸኛ ኃይል ያ ሮቦት ነው፤ በተጠቀመበት ቁጥር ደግሞ የሸሸው ጦርነት ወዳስጠጉት ሰዎች ይመጣል። ስደትን የሚያውቅ ተመልካች ይህን ዋጋ ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል።

በ1983 ራሱ ቶሚኖ የሠራው ዳንባይን ደግሞ ክርክራችንን ከሥሩ የሚያናጋ ነው። ሾው ዛማ የቶኪዮ ወጣት ነው፤ ሞተር ብስክሌት ይነዳል፤ በድንገት ባይስተን ዌል ወደተባለ የባላባቶችና የተረት ፍጡራን ዓለም ይነጠቃል። እዚያ እንደ ነፍሳት ክንፍ ያላቸው፣ ከግዙፍ አውሬዎች አካል የተሠሩ ሮቦቶችን ያበራል። ኢሴካይ ነው፤ ሜካም ነው፤ የዛሬው ክርክር ሳይጀመር የተሠራ። እነዚያን ሮቦቶች የፈለሰፈው ደግሞ ሾት ዌፖን የተባለ፣ እንደ ሾው ከምድር የሄደ መሐንዲስ ነው። ከሌላ ዓለም የመጣው እውቀት ለባላባቶቹ መሣሪያ ሆነ፤ መሣሪያው ጦርነትን ወለደ፤ ጦርነቱም ገንፍሎ ወደ ምድር ወጣ። የዘመኑ ኢሴካይ ባለታሪክ ከኛ ዓለም ባመጣው እውቀት ሲወደስ ስናይ፣ ዳንባይን ከአርባ ዓመት በፊት ያነሳውን ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው፤ ያመጣኸውን ነገር ማን ይጠቀምበታል? በማን ላይ?

ሌሎችም አሉ። በ1996 የወጣው ኤስካፍሎውኔ ሂቶሚ የተባለች ሯጭ ተማሪን ምድርና ጨረቃ ሰማይ ላይ ወደሚታዩበት ጋያ ይወስዳል፤ የወደፊቱን የማየት ኃይሏ ሰው ያድናል፤ ፍርሃቷ ግን የምታየውን ክፉ ነገር ሊጠራ እንደሚችል ቀስ በቀስ ይገባታል። በ2017 አኒሜ የሆነው ናይትስ ኤንድ ማጂክ ደግሞ ሮቦት ወዳድ የኮምፒውተር ፕሮግራመር ሞቶ ዳግም ተወልዶ፣ በባላባቶች ዓለም ውስጥ ሮቦት ሲሠራ ያሳያል። ይህኛው ደስታ ብቻ ነው፤ ልጁ ብዙም አይከፍልም። ተመልክቼው ተደስቻለሁ። ከዳንባይን ጎን ሳቆመው ግን የትኛው አብሮኝ እንደሚቆይ አልጠራጠርም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ሰው ሲሠራ ውሎ ደክሞት ሲገባ ዋጋ የሚያስከፍል ታሪክ ማየት ግዴታው ነው ወይ? አይደለም። ዕረፍት መብት ነው፤ አኒሜም ለዕረፍት ቢሆን ነውር የለበትም። ሁሉ ነገር በሚከብድበት ዘመን፣ ሁለተኛ ዕድል ይኖረኝ ይሆን ብሎ በሚመኝ ወጣት ላይ የሚያሾፍ ሰው ልቡ ደንድኗል እላለሁ። በሙሾኩ ቴንሴይ አንባቢዎች ዘንድ የተነካው ይህ ምኞት ነው፤ በአንድ የአሻንጉሊት ሮቦት ፊት የቆመው ልጅ ምኞትም ከዚህ አይለይም፤ ደካማው እኔ አንድ ቀን ብርቱ ብሆን። እኔ የምለው ምኞቱ ይናቅ አይደለም። ምኞቱን አክብሮ የያዘው ሥራ፣ ሲሰጥ እውነቱንም አብሮ ይሰጣል ነው የምለው። ብርቱ ብትሆን ማን ይጎዳል፣ ማንን ታጣለህ፣ አንተስ ማን ትሆናለህ ብሎ የሚጠይቅህ ሥራ በቁም ነገር ወስዶሃል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስትከራከሩ ሦስት ነገር ጠይቁ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ባለታሪኩ ኃይሉን ሲያገኝ ምን አጣ? መልሱ ምንም ከሆነ፣ ሮቦት ይኑረው አስማት፣ ታሪኩ ገና አልተጀመረም። ሁለተኛ፣ በኃይሉ የተጎዳው ሰው ስምና ፊት አለው ወይ? አሙሮ የወጋው ዛኩ ውስጥ ሰው ነበር፤ በማይን ገላ ውስጥ ልጅ ነበረች። ሦስተኛ፣ ባለታሪኩን ፊት ለፊት ቆሞ የሚጠይቀው ሰው አለ ወይ? እናት፣ ሉትዝ ወይም ሬም የሌለው ጀግና የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር አንድ ደንብ ጨምሩ፤ የተቃራኒህን ዘውግ በምርጡ ሥራ መዝነው። ሜካ ወዳድ ሆነህ ኢሴካይን የምትነቅፍ ከሆነ የማይንን ታሪክ ሉትዝ እስከሚጋፈጣት ድረስ ተከታተል። ኢሴካይ ወዳድ ሆነሽ ሜካ ያስጠላሽ ከሆነ የ1979ኙን ጉንዳም እስከ 13ኛው ክፍል ተመልከቺ፤ ሥዕሉ አሮጌ ነው፣ ጥያቄው ግን አላረጀም። ሁለታችሁም ዳንባይንን አብራችሁ እዩና ከዚያ ተቀምጣችሁ ተከራከሩ። ያኔ ክርክሩ የማን ዘውግ ይበልጣል መሆኑ ቀርቶ፣ ያልለፋበት ኃይል የተሰጠው ሰው እንዴት ይኑር ወደሚለው ጥያቄ ያድጋል። በሚቀጥሉት ዓመታት የኛ ወጣቶችም ሥዕል ሲስሉ፣ ታሪክ ሲጽፉ ይህን ጥያቄ መመለሳቸው አይቀርም፤ በደንብ የተከራከረ ተመልካች ደግሞ በደንብ የሚሠራ ደራሲ ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ።